ዩዩአይዲን በዳታቤዝ ማስቀመጥ፦ የትኛው ስሪት፣ በየትኛው ዓምድ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ የሁለት ቅርንጫፎች መዝገብ ወደ አንድ ዳታቤዝ እንዲገባ ሥራው ለእኛ ተሰጠን። ቅርንጫፎቹ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆም እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይመዘግቡ ነበር፤ ሁለቱም ሽያጫቸውን ከ1 ጀምረው ቆጥረዋል። በአንደኛው ቅርንጫፍ 1041 ለአንድ ክሊኒክ በዱቤ የተሸጠ መርፌ ነው። በሌላኛው 1041 በጥሬ ገንዘብ የተከፈለበት የሳል ሽሮፕ ነው። ከእኛ በፊት የተሞከረ ውህደት ደግሞ የሁለቱን የክፍያ ሰንጠረዥ ደባልቆታል፤ ክፍያውም ተመላሹም የሚጠቅሱት «1041» የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። የየትኛው ቅርንጫፍ 1041 እንደሆነ ከወረቀት ደረሰኝ ጋር እያመሳከርን ስንለይ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሽያጭና ደንበኛ ዩዩአይዲ፣ ማለትም ከሌላ መዝገብ ጋር የማይጋጭ ረጅም መለያ፣ እንዲኖረው ወሰንን። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ አቀማመጡ ግን ስህተት ነበር። 36 ፊደል በሚይዝ የጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ከተትነው፣ እሱን ማረም ደግሞ በኋላ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ያንን ሁለተኛ ሥራ እንዳይሠራ ነው።

ሰዎች አንድ ጥያቄ አድርገው የሚያዩት ነገር በእርግጥ ሦስት ጥያቄ ነው። ዩዩአይዲ ያስፈልጋል ወይ? ካስፈለገ በምን ዓይነት ዓምድ ይቀመጥ? የትኛውስ ስሪት፣ ማለትም ቁጥሩ የሚፈጠርበት መንገድ (በዘፈቀደ ከሆነ ስሪት 4፣ ከጊዜ ተነሥቶ ከሆነ ስሪት 1 ወይም 7)፣ ይሁን? ሦስቱን ለየብቻ መመለስ ይቻላል፤ ሲደበላለቁ ነው «ዩዩአይዲ ዳታቤዝን ያዘገያል» የሚለው ወሬ የሚወለደው።

መጀመሪያ፣ ያስፈልጋል ወይ?

ዩዩአይዲ 128 ቢት ወይም 16 ባይት የሆነ መለያ ቁጥር ነው። በስክሪን ላይ በ32 የአሥራ ስድስትዮሽ አኃዞችና በ4 ሰረዞች፣ በድምሩ በ36 ምልክቶች ይታያል። ትልቁ ጥቅሙ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድና ሳይጠይቅ መፍጠር መቻሉ ነው።

ሥራችሁ በአንድ ሰርቨር ላይ ባለ አንድ ዳታቤዝ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቁጥሩንም ሁልጊዜ ዳታቤዙ የሚሰጥ ከሆነ፣ ተራ ቁጥር ይበቃችኋል። 8 ባይት የሆነው ትልቁ ኢንቲጀር እስከ 9,223,372,036,854,775,807 ይቆጥራል፤ አያልቅባችሁም። 4 ባይቱ ግን በ2,147,483,647 ያበቃል፤ ለሚያድግ ሰንጠረዥ እሱን አልመክርም። ተራ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በቃል ይነገራል። ዘመናዊ ለመምሰል ብቻ ይህን ትቶ ወደ ዩዩአይዲ መሄድ ትርፍ የለውም።

ዩዩአይዲ የግድ የሚሆነው መዝገቡ ከዳታቤዙ ርቆ ሲወለድ ነው። ኔትወርክ በማይገኝበት ቀበሌ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በታብሌት ቤተሰብ ስትመዘግብ፣ ነጋዴው በስልኩ ሽያጭ ሲይዝ፣ ሁለት ቅርንጫፎች ማታ ማታ መረጃ ሲለዋወጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛ ጥቅም አለ። ስልኩ ሽያጩን ላከ፣ ሰርቨሩ ተቀበለና መዘገበ፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ከመመለሱ በፊት ግን ኔትወርኩ ተቋረጠ እንበል። ስልኩ እንዳልደረሰ ቆጥሮ እንደገና ይልካል። መለያውን የሚሰጠው ሰርቨሩ ከሆነ አንዱ ሽያጭ ሁለት ይሆናል። መለያውን ስልኩ ራሱ ሽያጩ ሲፈጠር ሰጥቶት ከነበረ ግን ሁለተኛው ሙከራ ከዚያው መለያ ጋር ይመጣል፤ ዳታቤዙም «ይህ አለ» ብሎ ይመልሰዋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ አንዱ ብቻ ዩዩአይዲን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት ገመናን መሸፈን ነው። በድረ ገጽ አድራሻ ላይ 1041 የሚል የትዕዛዝ ቁጥር ያየ ሰው 1040ንም 1042ንም ይሞክራል። ዛሬ አንድ፣ ከወር በኋላ ሌላ ትዕዛዝ ያዘዘ ተፎካካሪ ደግሞ በመካከሉ ስንት እንደሸጣችሁ ቀንሶ ያውቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ኃይሎች የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጀርመን በወር ስንት ታንክ እንደምትሠራ የገመቱት ከተማረኩ ታንኮች ተከታታይ ቁጥር ተነሥተው ነበር። ሆኖም ዩዩአይዲ የይለፍ ቃል አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የወጣው የዩዩአይዲ ደረጃ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 4122፣ ራሱ ዩዩአይዲዎች ለመገመት አስቸጋሪ ናቸው ብላችሁ አትመኑ ሲል አስጠንቅቋል። መዝገቡን የጠየቀው ሰው መብት እንዳለው ማረጋገጥ በምንም አይተካም።

ዓምዱ፦ ጽሑፍ ወይስ 16 ባይት?

እዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው። ዩዩአይዲን በጽሑፍ አታስቀምጡ።

10 ሚሊዮን ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ እንውሰድ። መለያው ብቻ በትልቁ ኢንቲጀር 80 ሜጋባይት፣ በ16 ባይት 160 ሜጋባይት፣ በ36 ፊደል ጽሑፍ 360 ሜጋባይት ይይዛል። ይህን የሚያይ ሰው «ዲስክ ርካሽ ነው» ይላል። ነገር ግን ዋና ቁልፍ፣ ማለትም እያንዳንዱ ረድፍ የሚለይበት ዓምድ፣ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። እሱን በሚጠቅሱ ሌሎች ሰንጠረዦች ሁሉ ውስጥ ይደገማል፤ በእነዚያ ሰንጠረዦች ኢንዴክሶችም (ፍለጋን በሚያፈጥኑት ማውጫዎች) ይደገማል። በማይኤስኪውኤል ላይ ጉዳዩ ይብሳል፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው የኢንኖዲቢ ሞተር በሰንጠረዡ ላይ ባሉ ሌሎች ኢንዴክሶች ሁሉ ውስጥ የዋናውን ቁልፍ ቅጂ ያስገባል። አምስት ተጨማሪ ኢንዴክስ ካላችሁ ያው ቁልፍ ስድስት ጊዜ ይጻፋል፦ በኢንቲጀር 480 ሜጋባይት፣ በ16 ባይት 960 ሜጋባይት፣ በጽሑፍ 2.16 ጊጋባይት። የሚያሳስበው ዲስኩ ሳይሆን ሜሞሪው ነው። ኢንዴክሱ ራም ውስጥ እስካለ ድረስ ሥራው ይፈጥናል፤ ከራም የተረፈው ወደ ዲስክ መመላለስ ሲጀምር ተጠቃሚው ስልክ ይደውላል።

መጠኑ ባያሳምናችሁ እንኳ ሁለተኛው ችግር ሊያሳምናችሁ ይገባል። በአይፎን ላይ በስዊፍት የተጻፈ መተግበሪያ ዩዩአይዲን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር በትልልቅ የላቲን ፊደላት ያወጣዋል። በአንድሮይድ ላይ ያለው ጃቫ ደግሞ በትንንሾቹ ያወጣዋል። ሰው ሲያያቸው ሁለቱ አንድ መለያ ናቸው፤ ለጽሑፍ ዓምድ ግን፣ ዳታቤዙ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚለይ ከሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው። አንዱ ፕሮግራም ሰረዞቹን ቢያስቀር ሦስተኛ ደንበኛ ይፈጠራል። 16 ባይት ላይ ግን ትልቅም ትንሽም ፊደል የለም፣ ሰረዝም የለም። ስህተቱ የሚገባበት በር ራሱ የለም።

በየዳታቤዙ ምን ይደረግ?

ፖስትግሬስ ላይ ውሳኔው ቀላል ነው። ለዩዩአይዲ የተዘጋጀ የራሱ ዓይነት አለው፤ 16 ባይት ይይዛል፣ በትልቅም በትንሽም ፊደል፣ ከነሰረዙም ያለሰረዝም ይቀበላል፣ ሁልጊዜ በአንድ መልክ መልሶ ያሳያል። ፖስትግሬስ እየተጠቀሙ ዩዩአይዲን በጽሑፍ ማስቀመጥ ምንም ማመካኛ የለውም።

ማይኤስኪውኤል እንዲህ ያለ ዓይነት የለውም። 16 ባይት የሚይዝ የባይነሪ ዓምድ ትሠራላችሁ፤ ከማይኤስኪውኤል 8 ጀምሮ ያሉት ሁለት ፈንክሽኖች ጽሑፉን ወደ ባይነሪ፣ ባይነሪውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣሉ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ሌሊት ችግር ተፈጥሮ ሰንጠረዡን በእጅ ስታዩ ዓምዱ የማይነበብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይታያል። መድኃኒቱ ሰንጠረዡን በጽሑፍ መልክ የሚያሳይ ቪው (የተዘጋጀ እይታ) አንድ ጊዜ ሠርቶ ማስቀመጥ ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ወደ ባይነሪ የሚለውጠው ፈንክሽን የጊዜ ክፍሎቹን የሚያገላብጥ ሁለተኛ መለኪያ ይቀበላል። እሱ የተሠራው ለስሪት 1 ብቻ ነው። በስሪት 7 ላይ ብትጠቀሙበት ተስተካክሎ የመጣውን ቅደም ተከተል ታበላሹታላችሁ። የማሪያዲቢ ተጠቃሚዎች ግን ከ10.7 ጀምሮ የራሱ ዓይነት ስላላቸው ይህ ሁሉ አይነካቸውም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር የራሱ 16 ባይት ዓይነት አለው፤ ጠባዩ ግን ለየት ያለ ነው። በቅደም ተከተል ሲደረድር መጀመሪያ የሚያወዳድረው የመጨረሻዎቹን 6 ባይቶች ነው። ስሪት 7 ጊዜውን የሚይዘው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ባይቶች ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉ እዚያ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ሰንጠረዡ በዲስክ ላይ የሚደረደርበትን ክላስተርድ ኢንዴክስ በአንድ ተራ ቁጥር ዓምድ ላይ አድርጋችሁ ዩዩአይዲውን ክላስተርድ ያልሆነ ዋና ቁልፍ ማድረጉን እመርጣለሁ። ኦራክል ላይ 16 ባይት ጥሬ ዓምድ፣ በስልክ ውስጥ ባለው ኤስኪውላይት ላይ 16 ባይት ብሎብ ይሠራል።

የጽሑፍ ዓምድ ከአቅማችሁ በላይ በሆነ ምክንያት ከተጫነባችሁ፣ ቢያንስ የዓምዱ የፊደል ስብስብ አስኪ (እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በአንድ ባይት የሚይዘው) ይሁን፤ ሁሉም መለያ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ወደ ትንሽ ፊደል ይቀየር፣ ይህንም ዳታቤዙ ራሱ ያስገድድ።

ስሪቱ፦ 4 ወይስ 7?

የካርድ ክፍል ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መደርደሪያዎቹ በቁጥር የተሞሉ ናቸው። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ካርዱ የሚቀጥለውን ቁጥር ይዞ በመጨረሻው መደርደሪያ ጫፍ ላይ ይቆማል። ሠራተኛዋ ከዚያች ጥግ አትርቅም። አሁን ቁጥሮቹ በዘፈቀደ ይወጣሉ እንበል። የመጀመሪያው ካርድ ሦስተኛው መደርደሪያ መካከል፣ የሚቀጥለው ሃያኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ሰባተኛው ላይ መግባት አለበት። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ትመላለሳለች። መደርደሪያው ሞልቶ ካገኘችው ግማሹን ካርድ አንሥታ ወደ አዲስ መደርደሪያ ታዞራለች፤ ሁለቱም ግማሽ ባዶ ሆነው ይቀራሉ።

የመጀመሪያው አደራደር የስሪት 7 ነው፤ ሁለተኛው የስሪት 4። መደርደሪያው የዳታቤዙ ገጽ ነው፤ በኢንኖዲቢ በተለመደው አሠራር 16 ኪሎባይት፣ በፖስትግሬስ 8 ኪሎባይት። የማይኤስኪውኤል ሰነድ እንደሚለው በቅደም ተከተል የሚገባ መረጃ ገጾቹን እስከ 15/16 ድረስ ይሞላል፤ በዘፈቀደ የሚገባ ግን ከግማሽ እስከ 15/16 ባለው መካከል ይተዋቸዋል። ኢንኖዲቢ ራሱን መዝገቡን በዋናው ቁልፍ ቅደም ተከተል ስለሚደረድር የስሪት 4 ዋጋ እዚያ ከባድ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ መዝገቡ ቦታ ባገኘበት ይቀመጣል፤ በቅደም ተከተል የሚደረደረው የትኛው ካርድ የት እንዳለ የሚናገረው ኢንዴክስ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ «ፖስትግሬስን አይነካውም» የሚሉ አሉ። ይነካዋል። ከእያንዳንዱ ቼክፖይንት (በሜሞሪ ያለው ለውጥ ወደ ዲስክ ከሚጻፍበት ቅጽበት) በኋላ አንድ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ፖስትግሬስ 8 ኪሎባይቱን ገጽ ሙሉውን በለውጥ መዝገቡ ውስጥ ይጽፋል። የዘፈቀደ መለያ በየደቂቃው የማይነካው ገጽ ስለሌለ የለውጥ መዝገቡ ያብጣል፤ ወደ ተጠባባቂው ሰርቨር የሚተላለፈውና በባክአፕ የሚቀመጠውም አብሮ ያብጣል። የኢንተርኔት መስመሩ ቀጭን ለሆነ ድርጅት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሪት 7 በ2016 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 2024፣ በወጣው አርኤፍሲ 9562 የጸደቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ 48 ቢቶች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሚሊሰከንዶች ይይዛሉ፤ ከስሪቱና ከዓይነቱ ምልክት ውጭ ያሉት 74 ቢቶች ዘፈቀደ ናቸው። እንዲነበብ ብዬ አኃዝ ብቻ ያለበትን አንድ ምሳሌ ልውሰድ፦

01928374-5061-7283-9405-162738495061

በሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ያለው 7 ስሪቱን ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ 12 አኃዞች፣ 019283745061፣ ከአሥራ ስድስትዮሽ ወደ ተራ ቁጥር ሲቀየሩ 1,728,782,291,041 ሚሊሰከንድ ይሆናሉ። ይህ እሑድ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። መለያውን ያገኘ ማንም ሰው ይህንን ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። ለመድኃኒት ሽያጭ ግድ የለም። አንድ ሰው ለምርመራ የተመዘገበበት ቅጽበት ራሱ ምስጢር በሆነበት ሥራ ግን ወደ ውጭ ለሚወጣው መለያ ስሪት 4ን ምረጡ፤ የፍጥነቱን ዋጋ ክፈሉ።

ጊዜው የሚመጣው መለያውን ከፈጠረው መሣሪያ ሰዓት መሆኑንም አትርሱ። ባትሪው አልቆ ቀኑ የተዛባበት ስልክ የፈጠረው መለያ ልዩነቱን አያጣም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ ሽያጩ የተመዘገበበትን ቀን ከመለያው ውስጥ ቆፍራችሁ ለማውጣት አታቅዱ፤ ለቀን የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ስሪት 1ን ለአዲስ ሥራ አልመክርም። ጊዜውን የሚቆጥረው የግሪጎሪያን አቆጣጠር ከተጀመረበት ከኦክቶበር 15 ቀን 1582 ነው፤ እኛ ያልተቀበልነው አቆጣጠር በየዳታቤዛችን ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀሪው ክፍል በመሠረቱ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ካርድ አድራሻ ይይዛል፤ ማን እንደፈጠረው ያጋልጣል ማለት ነው። የማይኤስኪውኤል የዩዩአይዲ ፈንክሽን ዛሬም የሚሰጠው ይህንን ስሪት መሆኑን ልብ በሉ። ፖስትግሬስ ስሪት 4ን ከ13 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ሞጁል ይፈጥራል፤ ስሪት 7ን ደግሞ ከ18 ጀምሮ። ከዚያ በታች ያላችሁ መለያውን በፕሮግራማችሁ ውስጥ ፍጠሩት፤ ፓይተን ከ3.14 ጀምሮ ራሱ ይሠራዋል።

«ቢደጋገምስ?» የሚል ስጋት ከአስተዳዳሪዎች ሁልጊዜ ይነሣል። ስሪት 4 122 የዘፈቀደ ቢት አለው፤ አንድ ድግግሞሽ የመከሰት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ወደ 2.7 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን መለያዎች መፈጠር አለባቸው። የሚያሰጋው ቁጥሩ ሳይሆን ደካማ የዘፈቀደ ምንጭ የሚጠቀም ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ዓምዱ ላይ ድግግሞሽ የሚከለክል ገደብ አይቅር።

ሁለቱን ማጣመር

በውስጥ ተራ ቁጥር፣ በውጭ ዩዩአይዲ የሚያደርጉ አሉ። ሰንጠረዦቹ እርስ በርስ የሚጠቃቀሱት በ8 ባይት ኢንቲጀር ነው፤ ደንበኛውና ድረ ገጹ የሚያዩት ዩዩአይዲውን ብቻ። በአንድ ትልቅ ዳታቤዝ ላይ ለሚሠራና ቁጥሩን መደበቅ ብቻ ለሚፈልግ ጥሩ ምርጫ ነው። ያለ ኔትወርክ ለሚሠራ ሥርዓት ግን አይሆንም። ስልኩ ሽያጩንና የሽያጩን ዝርዝር ዕቃዎች አንድ ላይ ሲፈጥር፣ ዕቃዎቹ የሚጠቅሱት የሽያጩ ተራ ቁጥር ገና አልተወለደም። ሰርቨሩ ሲቀበል እያንዳንዱን ማያያዣ መተርጎም አለበት፤ ያ ትርጉም ደግሞ ወደ 1041 ችግር የሚመልስ መንገድ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ለሰው የሚነገር አጭር ቁጥር ለብቻው ይኑር። 36 ምልክት በስልክ የሚያነብላችሁ ደንበኛ የለም። የቅርንጫፍ ምልክትና ተራ ቁጥር ያለበት የደረሰኝ ቁጥር ለሰው፣ ዩዩአይዲ ለማሽኑ።

በጽሑፍ ላስቀመጣችሁ

መመለስ ይቻላል። ፖስትግሬስ ላይ የዓምዱን ዓይነት በአንድ ትእዛዝ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ሰንጠረዡን ሙሉውን እንደገና ይጽፈዋል፣ እስኪጨርስም ሰንጠረዡን ማንም እንዳይነካው ይቆልፈዋል። እሱን የሚጠቅሱ ዓምዶችም አብረው መቀየር አለባቸው። ለትልቅ ሰንጠረዥ የሚሻለው አዲስ 16 ባይት ዓምድ ጨምሮ፣ አዲስ የሚገባውን መረጃ ሁለቱም ላይ እየጻፉ፣ የድሮውን በትንሽ በትንሹ እየሞሉ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ስም መለዋወጥ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። መለያዎቹን ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ቀይራችሁ፣ ሰረዞቹን አውጥታችሁ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚገኘውን ቁጠሩ። እኛ ስንቆጥር ሁለት ደንበኞች ተገኙ። አንደኛው ያው የመርፌው ክሊኒክ ነበር፤ ዱቤው በትንሽ ፊደል መዝገብ ላይ፣ ክፍያው በትልቅ ፊደል መዝገብ ላይ ተቀምጦ፣ ለወራት ያልከፈለ ተብሎ ሲጠራ ቆይቷል። ሁለቱን መዝገቦች አንድ ስናደርጋቸው ቀሪ ዕዳው ዜሮ ወጣ።